ከእሑድ ማታ እስከ ረቡዕ ማታ

ሰው ውሃ መጠጣቱን ለማወቅ ጣሳውን ማየት ዋጋ የለውም። ማንቁርቱን ነው ማየት። ጣሳ ባዶ ሆኖ ይመለሳል፤ መሬት ላይ ተደፍቶ ይሁን ሆድ ገብቶ ማን ያውቃል። ማንቁርት ግን ወጣ ወረድ ካላለ አልጠጣም፣ አለቀ። ይህን ተምሬ አይደለም ያወቅሁት፤ ሦስት ዓመት ሙሉ የወንድ አንገት ሳይ ከርሜ ነው። ምን ታፍራላችሁ፣ ሥራዬ ነው።

አገርነሽ እባላለሁ። ሲቀላ ውስጥ በሚሠራ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ላይ ውሃ አጠጪ ነኝ። ሰው ሲሰማ ይስቃል። ውሃ ማጠጣትም ሥራ ሆኖ ይላል። እስቲ ጥር ማለቂያ ላይ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት፣ አርባ ምንጭ ቆላው ውስጥ ሲሚንቶ ተሸክመህ መወጣጫ ውጣና ከዚያ በኋላ ሳቅ። ላይኛው ከተማ ሴቻ ያሉት እንኳ ትንሽ ነፋስ ያገኛሉ። እኛ ታች ያለነው ከላይ ፀሐይ፣ ከታች የጋለ አሸዋ ነው።

ሦስት በርሜል አለኝ። ሽፈራው ዛፍ ሥር አስቀምጬ፣ በጆንያ ጠቅልዬ፣ ጆንያውን ጠዋት ጠዋት አርሰዋለሁ። ውሃው ውስጥ ቁንጥር ጨውና ትንሽ ሎሚ ጣል አደርጋለሁ። "እትዬ፣ ወጥ ነው እንዴ የምታጠጪን?" እያሉ ያላግጡብኛል። ያላግጡ። ወጣቱ ደግሞ ካልጠማኝ አልጠጣም ባይ ነው። እስኪጠማህ ከጠበቅህማ ዘግይተሃል። ስለዚህ ከፎርማኑ ጋር ተስማምተን ሕግ አወጣን፤ በየዙሩ አንድ ጣሳ ያልጠጣ ሰው ባሬላ አያነሳም። ባሬላ ማለት ሁለት ሰው ፊትና ኋላ ሆኖ የሚሸከመው የእንጨት ቃሬዛ ነው፤ አሸዋም አርማታም በሱ ነው የሚወጣው። አንዱ ከወደቀ ሌላውም አብሮ ነው የሚወድቀው።

ፎርማኑ ሳላዲን ይባላል። አባቱ ሲቀላ ገበያ ሱቅ ያላቸው የስልጤ ሰው ናቸው፤ እሱ ግን ሱቅ መቀመጥ አልወድም ብሎ ግንባታ ገባ። ቁጡ ነው፤ ልቡ ግን ንጹሕ ነው። አምና በረመዳን የሚጾሙትን ገና ሳይነጋ ያስገባና አራት ሰዓት ሳይሞላ ያሰናብታቸው ነበር። ያን ጊዜ ሁላችንንም ሰብስቦ "ክርስቲያንም ብትሆኑ የምትጾሙ ካላችሁ ንገሩኝ፤ ሥራውን እኔ አስተካክላለሁ" አለ። የኛ ሰዎች ፈገግ ብለው ዝም አሉ።

ሲላስ ዋርሳዬ ነው፤ የታናሽ እህቴ የዕድላዊት ባል። ፌሮ አሳሪ ነው። ዝምተኛ፣ ጸሎተኛ፣ ሰው ሲያናድደው እንኳ "ጌታ ይባርክህ" ብሎ የሚያልፍ። እኔ እንዲህ ዓይነት ሰው ቶሎ ያናድደኛል፤ እሱን ግን እወደዋለሁ። ላንቴ ነው የሚኖሩት፣ ሙዝ እርሻ መሐል። ዕድላዊት ሁለት ልጅ ቀብራለች። የመጀመሪያው ሞቶ ተወለደ። ሁለተኛው ስድስት ቀን ኖረ። አሁን ሦስተኛውን ይዛ ስምንተኛ ወሯ ውስጥ ነበረች። ቤታችን ውስጥ ስለዚህ እርግዝና ጮክ ብሎ የሚያወራ ሰው አልነበረም።

ማክሰኞ ዕለት ነው ሲላስን የያዝኩት። ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣ ጥላ ውስጥ ቁጭ ብሎ ፌሮ ያስራል። ጣሳውን ሰጠሁት። ፊቱን አዞረና ተጉመጠመጠ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ግድግዳው ሥር ተፋው፤ የቀረውን ብሎኬቱ ላይ አፈሰሰው። ማንቁርቱ ንቅንቅ አላለም። ሰኞም ፊቱን ሲያዞር አይቼዋለሁ፣ ግን ልብ አላልኩም።

"ሲላስ፣ እኔ ፊት ድገም" አልኩት።

"ጠጣሁ እኮ እትዬ።"

"የጠጣውማ ብሎኬቱ ነው። ድገም።"

ሳቀ። ሲስቅ ከንፈሩ ተሰነጠቀና ደም ብቅ አለ። ዙሪያውን አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እስከ ነገ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው" አለኝ። "ሦስት ቀን ተስዬ ነው። እህልም ውሃም። ለሕፃኑ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከእሑድ ማታ።"

አጠገቡ ቁጭ አልኩ። ማክሰኞ እኮ ነው። ሁለት ቀን ሊሞላው ምን ቀረው። "አእምሮህን ስተሃል?" አልኩት። "ዕድላዊትስ ታውቃለች?"

"አታውቅም። ምሳ ሥራ ቦታ በልቻለሁ እላታለሁ፣ ማታ እስክትተኛ ጸሎት ቤት እቆያለሁ። እግዚአብሔርና እኔ ነበርን የምናውቀው፤ አሁን አንቺ ሦስተኛ ሆንሽ።" እጄን ያዘኝ። እጁ ደርቆ ሻክሮ ነበር። "ጾም በስውር ነው እትዬ። ለሰው ከተነገረ ከንቱ ነው። እባክሽ እንዳታፈርሽብኝ።"

ሌላ ቀን ቢሆን፣ ሌላ ሰው ቢሆን፣ እጁን ይዤ እየጎተትኩ ሳላዲን ፊት አቆመው ነበር። አፌ እንደሆነ አያርፍም፣ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ግን ዝም አልኩ። ለምን ዝም እንዳልኩ ልንገራችሁ፤ ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ዕድላዊት ሁለተኛውን ልጅ አርግዛ ሳለ እሷም ትጾም ነበር። ላንቴ ሄጄ ሙዙ ሥር ተኝታ አገኘኋት፤ ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። እኔ ደግሞ ቁጣዬ ይቀድመኛል፤ ሰድቤ፣ አስለቅሼ፣ አንድ ጆግ ውሃ በግድ አጠጣኋት። ልጁ ተወለደ፤ በስድስተኛው ቀን ሞተ። ውሃ ሕፃን እንደማይገድል አውቃለሁ። ሐኪሙም ሌላ ምክንያት ነው የነገረን። ግን ለቅሶው ላይ ዕድላዊት አንድ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ። ያንን አስተያየት እስከ ዛሬ ከላዬ ላይ ማውረድ አልቻልኩም።

ስለዚህ ፈራሁ። ይህንንም ባፈርስና ይህኛውም ልጅ ቢሞት የት እገባለሁ? ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ዝም አልኩ።

ልደራደር ግን ሞከርኩ። "ነገ ሶሌታ ነው፤ ቅር" አልኩት። የሦስተኛው ፎቅ ጣሪያ አርማታ የሚሞላበት ቀን ነበር። ሶሌታ ከተጀመረ አይቆምም፤ መሐል ላይ ከቆመ አዲሱ ከአሮጌው አይያያዝም። የዚያን ቀን አናጢም ፌሮ አሳሪም የለም፣ ሁሉም ተሸካሚ ነው።

"ከቀረሁ ቤት እውላለሁ" አለኝ። "ዕድላዊት ምሳ ታቀርባለች። ምን እላታለሁ?"

"ታምሜአለሁ በላታ።"

"በጾም እዋሻለሁ?"

"ምሳ በላሁ እያልክ ስትዋሽ አልነበር?"

አንገቱን ደፋ። እንዲህ ያለ ነገር ላይ አፌ ስለት ነው፤ ምን ይጠቅማል። "ላይ ሆኜ አርማታውን አስተካክላለሁ" አለኝ በመጨረሻ። "ባሬላ አልይዝም። እንደዚያ ይሻላል?" ይሻላል አልኩ። የተሻለ መስሎኝ።

ረቡዕ ጠዋት ሚክሰሩ መጮህ የጀመረው አንድ ሰዓት ላይ ነው። ሃያ ስድስት ሰው ተሰለፈ። አንድ ሰው ግን ጎደለ፤ የሀይሌ የባሬላ ጓደኛ ሳይመጣ ቀረ። ሀይሌ ባሬላውን መሬት አስቀምጦ ወገቡን ይዞ ቆመ። ሀይሌ ጎበዝ ልጅ ነው፤ አንደበቱ ፈጣን፣ ጉልበቱ የበሬ ነው። ሳላዲን ዙሪያውን ቃኘና "ሲላስ፣ አንተ ከሀይሌ ጋር ያዝ" አለ።

እኔ ጣሳ ይዤ አጠገባቸው ነበርኩ። "ሌላ ሰው አድርግ" አልኩት።

"ለምን?"

ሲላስን አየሁት። እሱም አየኝ። ዓይኑ ጎድጉዷል፣ ግን ልመናው ቁልጭ ብሎ ይታያል። "እንዲሁ" አልኩ።

"ዋርሳሽ ስለሆነ ሳሳሽለት?" አለ ሳላዲን። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ሲላስም ሳቀና ጎንበስ ብሎ የባሬላውን እጀታ ያዘ። እንዲህ ነው የሆነው። አንድ ቃል ብጨምር ይበቃ ነበር፤ አልጨመርኩም።

በመጀመሪያው ዙር ተከትዬው ሄድኩ። "መጠጣቱ ይቅር፤ ልብስህን ላርጥብልህ? እሱም ይከለከላል?" አልኩት። አሰበና "እሱስ ይቻላል" አለኝ። ደስ አለኝ። ሞኝ መሆኔ ነው፣ መላ ያገኘሁ መሰለኝ። በየዙሩ ሸሚዙን፣ ባርኔጣውን፣ አንገቱን አረሰርሰዋለሁ። ሰዎቹ "እኛንስ?" እያሉ ሲቀልዱ እነሱንም እረጫለሁ። ሳላዲን ከላይ ሆኖ ያየናል። ከላይ ላየው ሰው ሲላስ ላብ በላብ ሆኖ የሚሠራ ይመስላል። የሚያልበው ሰው ደህና ነው፤ እዚህ ቦታ ፎርማን ሁሉ የሚያውቀው ይህን ነው። የሲላስ ግን ላብ አልነበረም፤ እኔ ያፈሰስኩት ውሃ ነው። ላቡ መቼ እንደቆመ እኔም አላየሁም፤ በገዛ ውሃዬ ሸፈንኩት።

ሰባት ሰዓት ላይ ውሃዬ አለቀ። የሰፈሩ ቧንቧ ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል። ጀሪካኖቹን ጋሪ ላይ ጭኜ ወደ ኩልፎ ወንዝ በኩል ወዳለው ቦኖ ሄድኩ። ሰልፍ ነበር። ከሴቶቹ ጋር ተጨቃጨቅሁ፤ ሠራተኛ እየጠበቀኝ ነው ብዬ ለመንኩ፤ ሰሚ የለም። አንድ ሰዓት ያህል ቆየሁ። ያን ሰዓት ሁሉ ማንም አላረጠበውም።

ስመለስ ባሬላው መወጣጫው ሥር ተገልብጧል፤ አርማታው መሬት ላይ ፈሷል። ሚክሰሩ ግን ይጮሃል፤ ሰዉ በጎኑ እየዞረ ይወጣል ይወርዳል። "ሲላስስ?" አልኩ።

"ወባው ተነሳበት" አለኝ ሀይሌ። "መጀመሪያ ብርድ ብርድ አለኝ አለ። ከዚያ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ይቀባጥር ጀመር፤ እኔን ዕድላዊት ብሎ ጠራኝ። አታስቢ፣ ጥሩ አድርገን ሸፍነነዋል።"

እዚህ ሀገር ሰው ከተንቀጠቀጠ ወባ ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ሁላችንም ታመን እናውቀዋለን። ይበርድሃል፣ ትቃጠላለህ፣ ትቀባጥራለህ። ሰው ይሸፍንሃል፣ ያልብሃል፣ ይለቅሃል። ሀይሌ የሚያውቀውን ነው ያደረገው። እናቱ ለሱ ያደረገችለትን ነው። በሱ አልፈርድበትም።

ሲሚንቶ የምናስቀምጥበት የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው ያስተኙት። በሩን ዘግተውታል፣ ነፋስ እንዳይመታው። ስገባ ትንፋሼ ተቆረጠ፤ ውስጡ ምድጃ ነው። የጥበቃውን ጋቢ አልብሰውታል፣ በላዩ ጆንያ፣ በጆንያው ላይ ደግሞ የሰው ጃኬት ሁሉ ደርበዋል። እጄን ግንባሩ ላይ አደረግሁ። የደረቀ ነው። ወባ የያዘው ሰው እንዲህ ተሸፍኖ ላብ ይጠምቀዋል። የሱ ግን ጠብታ የለም፤ ቆዳው እንደ ጋለ ቆርቆሮ ነው።

ጣሳውን አፉ ላይ አደረግሁለት። ጥርሱን ነከሰ። "ሲላስ፣ እኔ ነኝ፣ አገርነሽ። ጠጣ።" ዓይኑን ገለጠ፤ እኔን አላየም። "ስንት ሰዓት ነው?" አለ።

"ዘጠኝ ሊሆን ነው።"

ራሱን ነቀነቀና ጥርሱን መልሶ ነከሰ። ሌላው ሁሉ ጠፍቶት ይህቺ አልጠፋችውም። አንዱን ጆንያ ስገልጥ ሀይሌ ከኋላዬ መጥቶ መልሶ አለበሰው። "እትዬ፣ ይበርደዋል እኮ" አለኝ፣ እንደ መቆጣት ብሎ። ከላይ ደግሞ "ውሃ፣ ውሃ" የሚል ጩኸት መጣ። ከሰባት ሰዓት ጀምሮ አልጠጡም።

ወጥቼ አንድ ዙር አጠጣሁ። ይህን ስናገር አፍራለሁ፤ ግን እንዲህ ነው ያደረግሁት። የእያንዳንዱን ማንቁርት እያየሁ አጠጣሁ፣ የአንዱም ሳያመልጠኝ። ሦስት ሰዓት ነው የቀረው፣ ምናልባት ይችለዋል፣ ምናልባት ጌታ ይረዳዋል፣ ምናልባትም ወባ ነው እያልኩ። የመጨረሻው ሰው ሳላዲን ነው። ጣሳውን ሲመልስልኝ ለቅሶዬ አመለጠኝ።

"ወባ አይደለም" አልኩት። "ከእሑድ ጀምሮ ውሃ አልጠጣም። ጾም ነው።"

ሳላዲን አንድ ጊዜ አየኝ፤ ከዚያ ወደ ታች እየሮጠ "ሚክሰሩን ዝጋው" አለ። የሚክሰሩ ሠራተኛ የዘነጋ መስሎት ሶሌታው መሐል ላይ ነው ብሎ መለሰለት። "ይሰንጠቅ፤ ዝጋው" አለው። ጸጥ አለ። ያን ያህል ጸጥታ እዚያ ቦታ ሰምቼ አላውቅም።

ቆርቆሮ ቤቱ ገብቶ የደረቡበትን ሁሉ ገፎ ጣለለት። አራት ሆነው ሽፈራው ዛፉ ሥር አወጡት። ያመጣሁትን ውሃ እላዩ ላይ ገለበጥነው፣ ሙሉውን። ሀይሌ በጃኬት ያራግብለታል፤ እያራገበ ያለቅሳል። "እኔ ምን ላውቅ፣ እኔ ምን ላውቅ" ይላል ደጋግሞ። ባጃጅ መጣ። ሳላዲንና እኔ መሐላችን አድርገን ያዝነው።

መንገድ ላይ ሳላዲን "ለኔ ቢነግረኝ ምን ነበረበት?" አለኝ። "ወላሂ አንድ ድንጋይ አላስነሳውም ነበር። እኛ ስንጾም ሀገር ያውቃል፤ ነውር አይደለም እኮ።"

"የኛ እንዲህ ነው" አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ።

"አንቺስ? አንቺ እያወቅሽ?"

የሲላስን ራስ ትከሻዬ ላይ አስደገፍኩ።

ሆስፒታል ደም ተመረመረ፤ ወባ የለም። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፤ ትሕትና አላት። ጉሉኮስ ስትተክልለት ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየሁ፤ አሥር ሰዓት ነበር። ሁለት ሰዓት ቀርቶት ነበር። ሙቀቱ እየወረደ መጣ፤ እሱ ግን አልነቃም። ሐኪሟ ወደ ጎን ወሰደችኝና "አሁን የምንጠብቀው ሽንቱን ነው" አለችኝ። "ኩላሊቱ ተጎድቷል። እስከ ነገ ካልሸና አስቸጋሪ ነው። ለምንድነው ይህን ያህል ጊዜ ሳይጠጣ የቆየው?" ነገርኳት። ጻፈችው።

ዕድላዊት ስትመጣ ፀሐዩ ሊጠልቅ ነበር። ከላንቴ ድረስ በባጃጅ ተንገላታ፣ ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ ገባች። አጠገቡ ቆማ ፊቱን ዳሰሰችው። ወባ ብለዋት ነው የመጣችው። አሁንስ አልዋሽም አልኩና ሁሉንም ነገርኳት፤ ከጣሳው እስከ ጆንያው። እንድትሰድበኝ ነበር የጠበቅሁት። ብትመታኝ እንኳ ቀለል ባለኝ።

"እስከ ስንት ሰዓት ነበር?" አለችኝ።

"እስከ አሥራ ሁለት።"

"ይህ የተተከለለትስ?" ወደ ጉሉኮሱ አመለከተች።

"አሥር ሰዓት ላይ።"

"ሁለት ሰዓት" አለች። እንባ የለም፣ ቁጣ የለም። ወንበሩ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች። በመንገዱ አቧራ ከንፈሯ ደርቋል፤ ውሃ በፕላስቲክ ገዝቼ ክዳኑን ከፍቼ ሰጠኋት። ጥጥ አራሰችና የሱን ከንፈር ጠረገችለት። ከዚያ ፕላስቲኩን ወደ እኔ መለሰችው።

"አንቺ ጠጪ እንጂ።"

"እኔ አልጠጣም።" ቀና ብላ አየችኝ። "ስእለት መሐሉ ላይ ከተቋረጠ ከመጀመሪያ ነው የሚቆጠረው። እሱ አይችልም፤ እኔ እጨርስለታለሁ። ሦስት ቀን ነው። አሁን አሥራ ሁለት ሰዓት ነው አይደል? ከአሁን ጀምሮ እቆጥራለሁ። ደግሞ ለማንም እንዳትናገሪ እትዬ።"

ስምንት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ይህ የጥር ሙቀት ነው። ለመንኳት። እግሯ ላይ ወደቅሁ፤ እኔ ታላቋ ነኝ፣ ለማንም ወድቄ አላውቅም። ጸጉሬን ዳበሰችኝና ወደ ባሏ ዞረች።

በዚህኛው ጊዜ ዝም አላልኩም። ያንን ስህተት አልደግመውም ብዬ ነው። ሲነጋ ለሐኪሟ ነገርኩ፤ መጥታ አስጠነቀቀቻት፣ የሕፃኑን ልብ አዳመጠችላት፣ ባልሽንም ሕፃኑንም ታጪያለሽ አለቻት። ለሳላዲን ደወልኩ፤ ሥራውን ጥሎ መጣ፣ ሎሚና ሙዝ ይዞ፤ እንደ ወንድም ለመናት። ወንጌላዊ ታዴዎስን ከላንቴ አስመጣሁ፤ ሁለቱንም ልጆቿን የቀበሩላት እሳቸው ናቸው። አጠገቧ ተቀመጡና "ልጄ፣ እግዚአብሔር ይህን ከነፍሰ ጡር አይጠይቅም። ከስእለቱ እኔ እፈታሻለሁ፤ ጠጪ" አሏት። ከሳቸው የበለጠ ሰው ከየት አመጣለሁ? ክፍሉ ውስጥ የተኙ በሽተኞች ሳይቀሩ "ኧረ ጠጪ እህቴ" ይሏት ጀመር። እኔ ጣሳ ሞልቼ ፊቷ ቆሜአለሁ። ከአልጋው ሥር የተንጠለጠለው የሽንት ከረጢት ባዶ እንደሆነ ነው።

ዕድላዊት ሁላችንንም አንድ በአንድ አየችን። አልተቆጣችም። ድምጿ ሰልሏል፤ ለመስማት ጎንበስ ማለት ነበረብን።

"ለሁሉም ነገርሽ" አለችኝ። "እንግዲህ የትናንት ማታው አይቆጠርም። ሰው ያወቀው አይሆንም።" ትንሽ አረፈችና ምራቋን ለመዋጥ ሞከረች። "ከአሁን ጀምሮ ነው የምቆጥረው። ስንት ሰዓት ነው እትዬ?"

ከቀኑ ሰባት ሰዓት ነበር። ነገርኳት።